የማይታጠበው ማልያ

ደግ የሠራ ይመሰገናል ሲባል ነው ያደግኩት። እኔ ግን አንድ ሐሙስ ቀን ደግ እሠራለሁ ብዬ የአንድን የእግር ኳስ ክለብ ታሪክ በባልዲ ለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ በሳሙና አሸሁት፤ እጣቢውን ወስጄ ጓሮዬ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ደፋሁት። ስትሰሙ ሳቁ፣ አልቀየማችሁም። ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በ2010ዎቹ አጋማሽ፣ እዚሁ ሜልቦርን፣ ዌስት ፉትስክሬይ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ታደሰ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ የቤታችን ጋራዥ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ጋራዡ መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና እኔ ነን ያለንበት። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተቀደደ እጠቅማለሁ። በራችን ላይ ግን ምንም ምልክት አልነበረም። ደንበኞቼ የሚያገኙኝ አንድ የህንዶች ሱቅ መስኮት ላይ በለጠፍኳት፣ ስልኬ እንጂ ስሜ በሌለባት ወረቀት ነበር።

ለምን ብትሉ፣ አፍር ነበር። አባቴ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ልጅ ሆኜ «የሸማኔ ልጅ» ሲሉኝ እንደ ስድብ ነበር የምሰማው፤ የሚሉኝም ለስድብ ነበር። ባሕር ተሻግሬም እፍረቱ አልለቀቀኝም። ቸርች ውስጥ «ወይንሸት፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ፋሽን ላይ ነኝ» እላለሁ። ታደሰ አጠገቤ ካለ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «የሱሪ ጫፍ ፋሽን» ይለኛል። በክርኔ እጎሽመዋለሁ።

እና ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ አጭር፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ በጋራዡ በር ብቅ አሉ። በእጃቸው የላስቲክ ከረጢት ይዘዋል። የያዙበትን አያያዝ ብታዩ እንቁላል ያለበት ነበር የሚመስላችሁ።

«ሱርያ እባላለሁ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «የምኖረው ያራቪል ነው። ሰው ፓክ ሱርያ ይለኛል። ፓክ በእኛ አገር ለትልቅ ሰው የሚባል ነው።»

እንደ እኛ ጋሼ መሆኑ ነው ብዬ ወደድኩት። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ በሆዴ አንቱ እያልኩ አስገባኋቸው።

ከከረጢቱ አንድ ማልያ አወጡ። እናንተዬ! ያ ማልያ የቀለም ዘር አልቀረውም። ደረቱ ቡናማ፣ ጀርባው ቡናማ፣ ክንዱ ላይ የደረቀው ጭቃ እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል። ግራ ብብቱ ሥር ስፌቱ ለቋል።

«ይችን ብቻ ስፊልኝ» አሉ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አድርገው። «እሑድ አገሬ እሄዳለሁ፣ ኢንዶኔዥያ። የድሮው ክለባችን እንደገና ተመሥርቷል። በመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ይህን ማልያ ይዤ ሜዳ እገባለሁ። ከዚያ ጊዜ የቀረ ማልያ ይህ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ታሪኩን ጀመሩ። በጃቫ ደሴት ዳር፣ ሰው ሁሉ ከባሕር ውሃ ጨው እያደረቀ የሚኖርባት ትንሽ ከተማ አለች። ክለቡን የመሠረቱት እነዚያ የጨው ሠራተኞች ናቸው። ስሙ ጋራም ፑቲህ፣ ነጭ ጨው ማለት ነው። ሜዳቸው በጨው ማድረቂያው ጥግ ነበር፤ ሣር አይበቅልበትም። በበጋ መሬቱ ከማብረቁ የተነሣ እንግዳ ቡድን ዓይኑን እየጨፈነ ይጫወት ነበር። «እኛ ለምደነዋል» አሉ ፓክ ሱርያ እየሳቁ። «ሁለት ጎል እስኪገባባቸው ኳሷን አያዩዋትም ነበር!» ማልያቸው እንደ ጨው ነጭ ነው። እርሳቸው በረኛ ነበሩ፤ ሌላ ቀለም ጨርቅ ስላልነበረ እርሳቸውም ነጭ ለብሰው፣ ዳኛው እንዲለያቸው ቀይ ኮፍያ ያደርጉ ነበር። አንድ ዓመት በዚሁ ሜዳ በዝናብ፣ በጭቃ ተጫውተው የአውራጃውን ዋንጫ ወሰዱ። ይህ ማልያ የዚያን ቀን የተለበሰው ነው።

እኔ በአፌ መርፌ ይዤ «እህ፣ እህ» እላለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ኳስ አልወድም። ከታደሰ ጋር በኳስ ምክንያት ስንት ቅዳሜ ተኳርፈናል። ሽማግሌው ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ታሪኩን አሳጠሩት። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ» ብለው ወጡ። በሩ ላይ ታደሰን አገኙት። ሁለቱ የአጥሩን በር ተደግፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያወሩ በመስኮት አየኋቸው። ወንዶች፣ ኳስ ይሆናል አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

የለቀቀውን ስፌት ለመስፋት ማልያውን ስገለብጠው እጄ አንድ ነገር አገኘ። ክርኖቹ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አራት እጥፍ የሆነ የጆንያ ጨርቅ ተለጥፏል። የእጅ ስፌት ነው። ስፌቱ ከመድቀቁ የተነሣ እንደ ጤፍ ነው። ይህን የሰፋ ሰው ልጁ እንዳይወድቅ የሚፈራ ሰው ነው አልኩ በሆዴ። ባለሙያ ባለሙያን ያውቃል።

ብብቱን ሰፋሁ። አጣጥፌ ላስቀምጥ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ትልቅ ሰው፣ ለስንት ዓመት ወደተለየው አገሩ ሲሄድ፣ ሕዝብ ፊት የሚይዘውን ልብስ ከነጭቃው ይሰጡታል? ክለቡስ ስሙ ነጭ ጨው አይደለም? እኔ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ፤ ነጭ ልብስ እንዴት ወደ ነጭነቱ እንደሚመለስ ከእናቴ ተምሬያለሁ። በረኪና አይነካውም፤ ያረጀ ጥጥ በበረኪና ይበላል። ለብ ባለ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ በሎሚ፣ ሳይጨመቅ። በነፃ፣ ለመንገዳቸው በረከት ብዬ። አምስት ጊዜ ውሃ ቀየርኩለት። ሲነጣ እኔም ፊቴ በራ። እጣቢውን አምስቱንም ባልዲ የሎሚው ዛፍ ሥር ደፋሁና ማልያውን እርጥበቱን እንደያዘ ገመድ ላይ ሰጣሁት።

አርብ ረፋዱ ላይ ታደሰ ከጠዋት ሺፍቱ ተመለሰ። ሻይ እየቀዳሁ በጓሮው በር ሲወጣ ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። ታደሰ ዝም ሲል ደግሞ አደጋ አለ።

«ወይንዬ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያ ገመዱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የሽማግሌው ማልያ ነዋ። እንዴት ነጣ አይደል?»

ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ጉድ ፈላ! አይታጠብም እኮ! ማልያው አይታጠብም!»

«ምን ማለትህ ነው አይታጠብም?»

«ደንባቸው ነው! ያሸነፉበትን ማልያ እስኪሸነፉ አያጥቡትም። ያን ዋንጫ በወሰዱ በሁለት ወሩ ባሕሩ ግድቡን ሰብሮ ሜዳውን ዋጠው። ክለቡ ተበተነ። ስላልተሸነፉ አልታጠበም። አርባ ዓመት አልታጠበም! ሜዳው ዛሬ ባሕር ውስጥ ነው። ከሜዳው የቀረው አፈር ማልያው ላይ ያለው ብቻ ነው። ትናንት በር ላይ ነገሩኝ እኮ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ኳስ ሳወራሽ መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

የጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሏችኋል ይኸው ነው። ማን እጠቢ አለኝ? የአንድ ከተማ ሜዳ በእጄ አሽቼ አጠፋሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰዓቱ አምስት ሆኗል፤ ሽማግሌው ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ።

ታደሰ ጥቂት ተንጎራደደና አካፋ ይዞ ብቅ አለ። «አታልቅሺ። ጭቃ ጭቃ ነው። እንቀባዋለን።»

«ምን?»

«ከዚህ ከአትክልቱ ቆንጆ ጭቃ አቦካለሁ። ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ክንዱን። በፀሐይ ይደርቃል። ሽማግሌው ዓይናቸውም ደክሟል።»

ልዋሻችሁ አልችልም፤ ልቤ ወደደው። ታደሰ እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃውን በባልዲ አቦካ። እኔም ማልያውን አውርጄ ሣሩ ላይ ዘረጋሁት። አንገቱ ውስጥ ጭቃ እንዳይገባ ኮሌታውን ገልበጥ ሳደርገው ግን አየሁት። በነጭ ጨርቅ ላይ፣ በነጭ ክር፣ ከጥፍር የማትበልጥ ምልክት። ሦስት ጣት፣ እንደ ዶሮ እግር። ትናንት ጭቃው ሸፍኗት ነበር።

አባቴ የሠራው ነጠላ ሁሉ ጥለቱ ጥግ ላይ አንዲት አረንጓዴ ክር አለችበት። ገዢ አያያትም። «ይቺ እኔ ነኝ» ይለን ነበር። ይህችም የዶሮ እግር እኔ ነኝ ያለች የአንዲት ሴት እጅ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። እንዲህ ተጨንቃ ክርን የደረበች ሴት ሥራ በአትክልት ጭቃ ልለቀልቅ ነው?

«ታደሰ፣ ባልዲውን አንሣ» አልኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«አልዋሽም። እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፓክ ሱርያ መጡ። ለመንገዱ ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል። ሻይ አቀረብኩ። ማልያውን በሁለት እጄ ይዤ ቀረብኩ።

«ፓክ ሱርያ፣ አጠብኩት። ደንባችሁን አላወቅኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

ዓይናቸው ማልያው ላይ ቀረ። ቢቆጡ በቀለለኝ። እጃቸውን ዘርግተው ደረቱን ዳሰሱት፤ ጭቃው የነበረበትን ቦታ በጣታቸው ፈለጉት፤ የለም። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ግን ላሳይዎት» አልኩና ክርኖቹን ገለበጥኩ። «ይህን የሰፋው ሰው እንዳይጎዱ በጣም ይሳሳልዎት ነበር። ይህቺ ደግሞ ምልክቱ ናት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ኮሌታውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

«የእናቴ ናት» አሉ። «እናቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም። የጨው ጆንያዋ ከሰው ጆንያ እንዳይቀላቀል አፉን ስትሰፋ ይህችን የዶሮ እግር ታደርግበት ነበር። ግን ሊሆን አይችልም። እናቴ የኳስ ጠላት ነበረች። አንድ ቀን ሜዳ መጥታ አታውቅም። የሌሎቹን ማልያ እናቶቻቸው ሲሰፉ እርሷ እምቢ አለች። የእኔን የካፒቴናችን አክስት ሰፋችው ተብዬ ነው የለበስኩት።»

ስልካቸውን አወጡና በቫይበር ደወሉ። ካፒቴኑ፣ ያ ዋንጫ ያነሣው ሰው፣ እዚያው ከተማ በሕይወት አሉ። በምስል መጡ፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። ሁለቱ በቋንቋቸው ተነጋገሩ። እኔና ታደሰ ፊታቸውን ብቻ እናነባለን። ፓክ ሱርያ ማልያውን ለስልኩ አሳዩ። ታደሰ እጄን ያዘኝ። ከዚያ ካፒቴኑ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ፓክ ሱርያም በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በመጨረሻ ካፒቴኑ እንደ ዶሮ እየተንከተከቱ ሳቁ፤ ፓክ ሱርያም ተከተሏቸው። እኛም ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ሳቅን።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«እናቴ ናት የሰፋችው። በሌሊት ወስዳ ለአክስቱ ሰጥታ፣ ለሱርያ እንዳትነግረው ብላ ካፒቴኑን አስምላዋለች። ለምን እስከ ዛሬ ደበቅከኝ ስለው ‹እናትህ እንጂ መሐላዋ አልሞተም፤ አሁን ግን ራሷ ተናገረች› አለኝ።» እንባቸውን ጠረጉ። «ስለ መታጠቡ ደግሞ ረስተሃል እንዴ አለኝ። አዲስ የውድድር ዘመን ሲጀመር ማልያ ይታጠብ ነበር። የሚያጥበውም ከተጫዋች ቤት ያልሆነ ሰው ነው። ከተሸነፍን ጥፋቱን በእርሱ እንድናሳብብ! አሁን የሚከሰስ ሰው ስላገኘን ዘመኑን መጀመር እንችላለን አለ።»

ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር።

«አፈሩስ?» አልኩ በቀስታ። «የሜዳችሁ አፈር?»

ፈገግታቸው ትንሽ ደከመ። «ውሃውን የት ደፋሽው?»

ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። የሎሚው ዛፍ ሥር መሬቱ አሁንም እርጥብ ነው። ፓክ ሱርያ ጥቂት ቆመው ተመለከቱት። ጫማቸውን አወለቁ። በባዶ እግራቸው እርጥቡ ላይ ቆሙና መሬቱን በተረከዛቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

«እንግዲያው» አሉ፣ «አሁን በሜዳችን ነን።»

ከዚያ በዛፉና በልብስ ማስጫው ብረት መካከል ገብተው ጉልበታቸውን አጠፉ፤ ክንዳቸውን ዘረጉ። ታደሰን በዓይናቸው ጠሩት። «ምታ!»

ታደሰ ዙሪያውን አየ። ኳስ የለም። ከመሬት አንድ ሎሚ አነሣና በእግሩ ላካት። ፓክ ሱርያ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ግራ ተወርውረው ሎሚዋን በደረታቸው ያዟት! ታደሰ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ እንኳን፣ ኳስ የማልወደዋ፣ እልል አልኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ታደሰ «ፍጻሜ ጨዋታ ነው!» አላት።

ሲሄዱ በር ላይ ቆም አሉ። «ካፒቴኑ አንድ ነገር ለምኖሻል። ለአዲሱ በረኛ ማልያ ስፊለት። ክርኑን እንደ እናቴ አድርጊው። የራስሽንም ምልክት አድርጊበት፤ ያለ ምልክት አይሆንም ብሏል።»

ቅዳሜን ሙሉ ሰፋሁት። ክርኑን አራት እጥፍ አደረግሁ። ኮሌታው ጋ ስደርስ መርፌውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የእኔ ምልክት ምንድን ነው? ስሜን እንኳ ከመስኮት ወረቀት ላይ የደበቅሁ ሴት ነበርኩ። ከሣጥኔ ሥር አባቴ ለሠርጌ የሠራልኝን ነጠላ አወጣሁና ጥጉን አየሁ። ከዚያ አረንጓዴ ክር መረጥኩ። አንዲት መስመር ሰፋሁ። እሑድ ፓክ ሱርያ ከመሄዳቸው በፊት መጥተው ወሰዱት።

እነሆ የመጀመሪያው ጨዋታ ውጤት፤ ሦስት ለአንድ ተሸነፉ። በማግስቱ ፓክ ሱርያ የላኩልኝ መልእክት «ከተማው በሙሉ ጥፋቱ የአጣቢዋ ነው ብሎ ተስማምቷል፤ ሰላም ብለውሻል» ይላል። ከመልእክቱ ጋር ፎቶ አለ፤ አዲሱ በረኛ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ኮሌታውን ገልብጦ አረንጓዴዋን ክር ያሳያል። ፎቶውን ለአባቴ ላኩለትና ደወልኩ። የክሯን ታሪክ ነገርኩት።

«በረኛው ጎበዝ ነው?» አለኝ።

«ሦስት ገባበት አባዬ።»

«ታዲያ ክሯ ምን ታድርገው!» አለና ሁለታችንም ሳቅን። እንዲያ አብረን ስቀን አናውቅም ነበር።

ፓክ ሱርያ ከተመለሱ በኋላ ክለቡ ሲጫወት ወንበር ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ጨዋታውን በስልክ የሚያዩት ከሎሚው ሥር ነው፤ «በሜዳችን» ይላሉ። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፤ የሰው ታሪክ ግን አፌ መርፌ ቢይዝም እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከእናንተ መካከል የእናቱን ወይም የአባቱን ሙያ የሚደብቅ ካለ፣ የለበሳችሁትን ገልብጣችሁ እዩ እላለሁ። አንድ ሰው ሳስቶላችሁ እዚያ ውስጥ ስፌት ጥሏል። እኔ ፎቶውን ለአባቴ በላኩበት ሳምንት እሑድ ቸርች ውስጥ ሥራዬን ለጠየቀችኝ እህት «ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሸማኔ ልጅ» አልኳት። እርሷም «ውይ ተመስገን! ሦስት ቀሚስ አለኝ» አለችኝ። ይኸው ነበር ስፈራው የኖርኩት።

ሰኞ ዕለት የጋራዡ በር ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ትልቅ ሰሌዳ ሰቀልን፤ «ወይንሸት፣ የሸማኔው ልጅ። የልብስ ስፌት»። ማታ ከገበያ ስመለስ ታደሰ ከሥሩ በእጁ አንድ መስመር ጨምሮበት አገኘሁት፤ እስከ ዛሬም አላጠፋሁትም፤

«ማልያ ከማጠባችን በፊት እንጠይቃለን።»